የጥላ ሰፊው ልጅ ያለበሰችው አውሮፕላን

ሰሞኑን ገበያ ወርጄ የስልኬን መስታወት መሸፈኛ ላስቲክ ላስቀይር ከአንድ ጎረምሳ ጠረጴዛ ፊት ቆምኩ። ልጁ አሮጌውን ላጠና አዲሱን በጥድፊያ ከአንድ ጫፍ ለጠፈው። ከዚያ በአውራ ጣቱ ሲጫነው አየሩ መውጫ አጥቶ መሀል ላይ እንደ ሽሮ ፈልቀቅ ፈልቀቅ አለ። "ችግር የለውም እማማ፣ ሲቆይ በራሱ ይጠፋል" አለኝ።

እማማ ማለቱ ሳያንስ "በራሱ ይጠፋል" ማለቱ ደሜን አፈላው። "ወዲህ አምጣው!" ብዬ ስልኬን ነጠቅሁት። መነጽሬን ከግንባሬ አወረድኩ፣ ላስቲኩን ቀስ ብዬ አነሳሁ፣ አቧራውን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁ፣ ከመሀል ጀምሬ ወደ ዳር ዳር እያባበልኩ አስተኛሁት። አንዲት አረፋ አልቀረችበትም። ልጁ አፉን ከፍቶ ቀረ። "የት ተማሩት?" አለኝ። "አውሮፕላን ሳለብስ" አልኩት። ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ ወዲያው ደንበኛ መጣበትና ረሳኝ። እኔ ግን ነገሩ ቤቴ እስክደርስ አፌ ላይ ሲመላለስ ዋለ፤ እሱ ካልሰማኝ ሌላ ሰው ይስማኝ ብዬ ነው ይኼን የምጽፈው።

የጥላ ሰፊ ልጅ ነኝ። ዝናብ የምንከላከልበትን ማለቴ አይደለም፤ ታቦት ሲወጣ ከላዩ የሚዘረጋውን፣ ከከፋይ የሚሰፋውን፣ ዳር ዳሩ ወርቃማ ዘርፍ የሚንጠለጠልበትን ጥላ ነው። አባቴ አቶ አዳነ በላሊበላ እጃቸው የተመሰከረላቸው ሰው ነበሩ። ከብልባላም ከወገል ጤናም ድረስ አዲስ ጥላ የፈለገ ደብር ሰው የሚልከው እኛ ቤት ነበር። የጥላውን አጥንቶች ከሽመል ይፈልጡና በምድጃ እሳት እያሳዩ፣ ጉልበታቸው ላይ ደገፍ አድርገው፣ ቀስ በቀስ ያጎብጧቸዋል። ልብሱን ቆርጦ ወጥሮ መስፋት ደግሞ ዓይናቸው እየደከመ ሲሄድ የእኔ ሥራ ሆነ። ጉራ ነው ካላችሁኝ ጉራ ነው፤ በአሥራ ስድስት ዓመቴ ከእኔ የተሻለ ጥላ የሚወጥር እጅ በአካባቢው አልነበረም።

ስለ መወጠር ትንሽ ልበል፤ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው እሱ ላይ ነውና። ጥሩ ጥላ ማለት አጥንቱ የሚጎብጥ ጥላ ነው። ከፋዩ ሲሰፋ ተስቦ ተስቦ አጥንቱን ደገን ካላደረገው ሥራው ገና ነው። ለምን ቢሉ ከፋይ ዝናብ ሲመታው ይላላል፤ ከመጀመሪያው ላላ ያለ ጥላ በዓመቱ ይንዘላዘላል። ቄሰ ገበዞቹ ጥላችንን ሊወስዱ ሲመጡ በመጀመሪያ በጣታቸው ነው ቆርቆር የሚያደርጉት፤ ድም ካላለ "አዳነ፣ ምነው ዛሬ?" ይላሉ። እኔም ከአባቴ የሰማሁት አንድ ትእዛዝ ነው፤ ሳቢ! አሁንም ሳቢ!

አሥረኛ ክፍል ስደርስ ከደብረ ዘይት አንድ የፊዚክስ መምህር ተመደበልን፤ ሰይፉ ይባላል። ያኔ "እሳቸው" እያልን ስንንቀጠቀጥለት ነበር። ዛሬ ሳስበው ገና ጢሙ በቅጡ ያላደገ ጎረምሳ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ "እሱ" ብለው አይቀየመኝም። ያደገው አውሮፕላን ሲነሳና ሲያርፍ እያየ ነው፤ ትንንሽ አውሮፕላን ከእንጨት መሥራትም ከዚያው ከሰፈሩ ነው የተማረው። ወደ እኛ ሲመጣ ከልብሱ ሻንጣ የሚበልጥ ጠፍጣፋ ካርቶን ይዞ ነበር። ከጋሸና ጀምሮ በጭነት መኪና ላይ፣ ጆንያ ተደግፎ፣ ካርቶኑን ታቅፎ፣ ያን ሁሉ አቧራና ጉድጓድ አልፎ ደረሰ። ጋሸና ላይ የመኪናው ረዳት "ወዲያ ወርውረው" ቢለው ሊደባደብ ምንም እንዳልቀረው ራሱ ነው የነገረን።

ካርቶኑ ውስጥ ባልሳ የሚባል እንጨት ነበር። እኔ እንጨት ሲባል ወይራና ጥድ ነው የማውቀው፤ ይኼኛው በእጅ ሲይዙት ያለ አይመስልም፣ በጥፍር ሲጫኑት ይሰረጉዳል። ከሥሩ አንድ ጥቅል ቀይ ላስቲክ ነበር። ላስቲክ የምለው ሌላ ስም ስለማላውቅለት ነው፤ መምህር ሰይፉ ራሱ "ልብሱ" እያለ ነበር የሚጠራው። ባንድ ፊቱ ያብረቀርቃል፤ በሌላው ፊቱ ሙቀት ሲያገኘው የሚይዝ ማጣበቂያ አለው። ለብ ያለ ካውያ ሲያልፍበት እንጨቱ ላይ ይጣበቃል፤ ካውያው ሞቅ ሲል ደግሞ ራሱን ይሰበስባል። ጥቅሉ የሚበቃው ለአንድ አውሮፕላን ነበር፤ ቢበላሽ ሌላ ከየትም አይመጣም።

ከትምህርት በኋላ እየተሰበሰብን አጽሙን ሠራን። ሞተር የለውም፤ በረጅም ሲባጎ ከፍ እስኪል ተስቦ የሚለቀቅ፣ በአየር ላይ ተንሳፍፎ የሚወርድ ዓይነት ነው። የጎድን አጥንቶቹን በምላጭ የቆረጠው ጌታሁን የሚባል የክፍላችን ልጅ ነበር፤ የአናጢ ልጅ፣ ትከሻው ሰፊ፣ አፉም እንደ ትከሻው። ለእኔ የደረሰኝ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ነው። የማልበሱ ተራ ሲደርስ ጌታሁን "የሠራሁትን እኔው አለብሳለሁ" አለ።

"አንተ? ትራስ እንኳ አልብሰህ ታውቃለህ?" አልኩት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

መምህር ሰይፉ በዚያው ቀን እጄን ሊያይ ቤታችን መጣ። ጨርሼ ያቆምኩትን አንድ ጥላ ዞሮ ዞሮ ተመለከተው፣ ከሥር ገብቶ አጥንቱን ቆጠረ፣ ከዚያ በጣቱ መታ አደረገው። ድም አለ። "ይኼ ነው! ልክ እንደዚህ አድርገሽ አልብሺልኝ!" አለ በደስታ። ይኼን ቃሉን ያዙልኝ።

መምህሩ ሲሄድ ራት ቀረበ። የሐዋርያት ጾም ገብቶ ስለነበር የሱፍ ፍትፍት ነበር፤ የሰኔ የመጀመሪያው ካፊያ ጥሎ ከደጅ የታረሰ አፈር ይሸታል። አባቴ ስለ እጄ የተባለውን ምስጋና ሰምተው ፊታቸው በርቷል። ሆዴ ውስጥ የሰነበተ ነገር ነበረኝና ጊዜው አሁን ነው አልኩ።

"አብዬ፣ ክረምቱ ሲወጣ ወልድያ ልውረድ።"

በእኔ ጊዜ በከተማችን ያለው ትምህርት አሥረኛ ላይ ያበቃ ነበር። መቀጠል የፈለገ ወልድያ ወርዶ፣ ቤት ተከራይቶ፣ ስንቁን ከቤቱ እየተሸከመ ነው። አባቴ የጠቀለሉትን ጉርሻ ሳይጎርሱ ያዙት።

"ጥላውንስ ማን ይስፋው?" አሉ።

ቁጣ የለበትም። ያስቸገረኝም ይኼው ነው፤ ቢቆጡኝ አልቅሼ እናቴን ከጎኔ አሰልፍ ነበር። ዓይናቸው ክር መሰካት ካቃተው ቆይቷል። ወንድም የለኝም፤ እህቴ ገና ድክ ድክ ትላለች። እኔ ከሄድኩ የአባቴ ሥራ አብሮኝ ይሄዳል፤ ሁለታችንም እናውቀዋለን።

"እጅሽ ለዚህ የተፈጠረ ነው፣ አንች። ሌላ ነገር ላይ ሲሠራ አላየሁትም" አሉኝ።

"አውሮፕላኑን ሳለብስ ያዩታል።"

እናቴ ሳቀች። አባቴም ፈገግ አሉ። "እንጨት ይበራል ነው የምትይኝ?"

"ይበራል!"

"በይ እንግዲያው" አሉ ጉርሻቸውን መልሰው እያስቀመጡ። "እጅሽ የሠራበት እንጨት በወላጆች በዓል ሰው ሁሉ እያየው ከበረረ ወልድያ ውረጂ፤ የማደርስሽም እኔው ነኝ። ካልበረረ ግን ከእኔ ጋር ትቀመጫለሽ፤ ይኼ ወሬም ሁለተኛ አይነሳም።"

"ቃል ነው አብዬ?"

"ቃል ነው።"

ያን ሌሊት ደስታ እንቅልፍ ነሳኝ። ልብሱን በሚገባ ካለበስኩት እንደሚበር ጥርጣሬ አልነበረኝም፤ ማልበስ ደግሞ የእኔ ሙያ ነው። የሰው ልጅ በሚያውቀው ነገር የሚታበየውን ያህል በማያውቀው አይታበይም መቼም።

መምህር ሰይፉ የፈተና ወረቀት ይዞ ወልድያ መሄድ ስለነበረበት ጥቅሉንና ክንፎቹን ሰጥቶኝ ሄደ። "ስመለስ አልብሰሽ ጠብቂኝ" አለኝ። ካውያው ላስቲኩን እንዳይቧጭረው ካልሲ እንዳለብሰው፣ ሙቀቱን መጀመሪያ በቁራጭ ላይ እንድሞክር፣ ከታች ጀምሬ ላዩን አስከትዬ እንዳለብስ ነገረኝ። ስለ መሳብ ምንም አላለኝም፤ ጥላዬን አይቶ የለ!

የእናቴን የከሰል ካውያ አቀጣጠልኩ። አመዱ ክንፉ ላይ እንዳይበንብኝ ደጅ አውጥቼ ወዲያ ወዲህ እያወዛወዝኩ አራገፍኩት፣ የአባቴን ነጭ የጥጥ ካልሲ አለበስኩት። ላስቲኩን በመቀስ ስቆርጠው እጄ ላይ እንደ ነፍሳት ክንፍ ይርገበገባል። የማጣበቂያውን መሸፈኛ ልጬ ክንፉ ላይ ዘረጋሁት፣ ከመሀል ያዝ አደረግሁት፣ ከዚያ እጄ የለመደውን ማድረግ ጀመረ። ስቤ በካውያው ያዝ፣ ከወዲያ ደግሞ ስቤ ያዝ፣ ጥግ ለጥግ ስቤ ያዝ። ትንሽ መጨማደድ ባየሁ ቁጥር አንስቼ እንደገና እስበዋለሁ። የሞቀው ማጣበቂያ አዲስ ጫማ አዲስ ጫማ ይሸታል። ቤቱ ፀጥ ብሏል፤ እናቴ እንኳን በእግሯ ጣት ነበር የምትራመደው።

በመጨረሻ ከሰል ጨምሬ ካውያውን አሞቅሁትና ከላይ አሳለፍኩበት። ቀርተው የነበሩት ጭምድዶች ዓይኔ እያየ ጠፉ። ቀዩ ልብስ ከሥሩ ያሉትን አጥንቶች እያሳየ እንደ መስታወት አንጸባረቀ። ክንፉም ቀስ ብሎ፣ በኩራት፣ ደገን አለ። እጄን አጨበጨብኩ! አባቴን ጠራኋቸው። ወደ ብርሃን አውጥተው አዩት፣ በጣታቸው መቱት። ድም።

"ግሩም ነው!" አሉ። "እንዲህ ነው እንጂ ሥራ! ጉብጥ ማለቱን አየሽው?"

"አየሁት አብዬ!"

ሁለታችን ግራና ቀኝ ቆመን ክንፋችንን አደነቅን። እንደዚያ ያለ ጥፋት ሠርቶ እንደዚያ የሚደሰት ከጥላ ሰፊ ቤት በቀር በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም።

በዓሉ እሑድ ነው፤ መምህር ሰይፉ የተመለሰው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ክንፎቹን በነጠላ ጠቅልዬ ትምህርት ቤት ወሰድኩለት። ገልጦ ቀለሙን ሲያይ ፊቱ በራ። ከዚያ አንደኛውን ክንፍ አነሳና አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ከጫፉ ወደ ውስጥ አየው። ቆይቶ ሁለተኛውን አነሳ። ፊቱ ላይ የነበረው ብርሃን ቀስ እያለ ጠፋ።

"አንጓች፣ ምን ያህል ነው የሳብሽው?" አለኝ።

"እስኪበቃው።"

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። "ይኼ ልብስ ዝም ብሎ ይተኛል እንጂ አይሳብም። የሚስበው ሙቀቱ ነው። አንቺም ስበሽው፣ እሱም ሲሳብ፣ እንጨቱ መሄጃ አጣ። የግራው ክንፍ ጎብጧል፣ ጫፉም ተጠማዟል። እንዲህ ሆኖ ከተለቀቀ ተሽከርክሮ በአፍንጫው መሬት ነው የሚገባው።" ክንፉን አስቀመጠና "'እንደ ጥላው' ያልኩሽ እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው" አለ። ደግ ሰው ነበር።

"ጥላ እኮ ነው የሠራችልን፤ ነገ ዝናብ ቢመጣ እንጠለልበታለን" አለ ጌታሁን። ልጆቹ ሳቁ። ሌላ ቀን ቢሆን መልስ አላጣለትም ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ነጠላውን ማጣጠፍ ያዝኩ። ስለ አውሮፕላኑም አላሰብኩም፣ እውነቱን ልንገራችሁ። ወልድያ ናት ከዓይኔ የጠፋችው። ዕድሜ ልኬን ከፋይ ስስብ ታየኝ።

መምህር ሰይፉ ግን ተስፋ አልቆረጠም። አንድ ሰው ክንፉን በጥመቱ ተቃራኒ ጠምዝዞ ከያዘው፣ ሌላው በዚያው ላይ ካውያ ካሳለፈበት፣ ልብሱ ሙቀቱ ሲገባው ላላ ይልና እንደገና ሲሰበስብ ክንፉን በተያዘበት ቅርጽ ያስቀረዋል አለን። ዋናው ነገር የያዘው ሰው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ንቅንቅ አለማለቱ ነው። ጌታሁን "እኔ እይዛለሁ" ብሎ ተቀበለው። ገና ካውያው ሳይቀርብ "ቀጭ!" አለ። ጮኽኩ። አንዷ አጥንት ተሰንጥቃለች። መምህር ሰይፉ ልብሱን በመርፌ ወግቶ በቀዳዳው ኮላ ጠብ አድርጎ ጠገናት፤ ከዚያ በኋላ ክንፉን ሊነካ የደፈረ ልጅ አልነበረም። ጌታሁን ራሱ ፊቱ አመድ መስሎ ጥግ ቆመ፣ አሳዘነኝም።

"እጁ የለመደ ሰው ነው የሚያስፈልገን" አለ መምህር ሰይፉ። "የሚለመጠውንና የሚሰበረውን እንጨት በጣቱ ለይቶ የሚያውቅ።"

ማን እንደሆነ አውቄያለሁ። ግን እንዴት ተብሎ ይለመናል? ልለያቸው የተወራረድኳቸውን ሰው፣ መጥተው ውርርዱን እንዳሸንፍ ይርዱኝ ብዬ ልለምን? በመጨረሻ "አባቴ" አልኩ።

አባቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ሽመል ይፈልጡ ነበር። መምህሩን ሲያዩ ተነሱ፣ "ግቡ እንጂ" አሉ። መምህር ሰይፉ ስለ ውርርዳችን ምንም አያውቅም፤ ስለዚህ ነገሩን ያለ ምንም ፍርሃት ዘርግቶ አስረዳቸው። ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙት።

"እኔ ደግሞ ግሩም ነው ብያት ነበር" አሉ። ክንፉን ተቀብለው ዳሰሱት። "እንዲሁ ቢተውስ?"

"አይበርም" አለ መምህሩ።

አባቴ ቀና ብለው አዩኝ። ብዙ አላዩኝም፤ የማውቀው ዓይናቸው ነው፣ ግን ያን ጊዜ ውስጡ ያለውን ማንበብ አቃተኝ። መሬት መሬቱን አየሁ። ለምኛቸዋለሁ ብል ውሸት ይሆናል። አንድ ነገር ብቻ ማለት ይበቃቸው ነበር፤ "ዓይኔ ደክሟል፣ ይቅርታ አድርጉልኝ" ቢሉ ማን ይከሳቸዋል?

"ከሰሉን አቀጣጥይ" አሉኝ።

ካውያው እስኪግል ጋቢያቸውን አውልቀው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ዝቅ ባለች ዱካቸው ላይ ተቀመጡ። ክንፉን በሁለት እጃቸው ያዙት። እሳት ላይ ሽመል ሲያጎብጡ እንደሚያደርጉት መጀመሪያ ትንሽ ጠምዘዝ አድርገው ለቀቅ፣ ጠምዘዝ አድርገው ለቀቅ አደረጉት፤ እንጨቱን ሲጠይቁት ይመስላል። ከዚያ የሚበቃው ላይ ቆሙ።

"ትንሽ ወደ እርስዎ ያዙሩት" አልኳቸው። አባቴን ሳዝ የመጀመሪያ ቀኔ ነበር።

"እሺ እመቤት።"

"አሁን እንዳይነቃነቁ!"

"ማን ተነቃነቀብሽ? ሥራሽን ሥሪ።"

ካውያውን አሳለፍኩ። ላስቲኩ መጀመሪያ እንደ መላላት አለና ተሸበሸበ፣ ከዚያ ክርር ብሎ ተሰበሰበ። ካውያው ጣታቸውን ሊነካ ትንሽ ነበር የሚቀረው፤ ሙቀቱ እንደሚደርሳቸው እርግጠኛ ነኝ። "ላቃጥልዎት ነው" ብላቸው "ከሰል እየበረደብሽ ነው" ብለው መለሱልኝ። ካውያውን ካነሳሁ በኋላም እስኪቀዘቅዝ እንደያዙት ቆዩ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን ታያለች። ጎረቤት አህያውን እየነዳ አልፎ "እንዴት ዋላችሁ?" ቢለን የመለሰለት የለም።

መምህር ሰይፉ ክንፉን ተቀብሎ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየው። "ተቃንቷል! ለነገ በቂ ነው!" አለ። ልቤ ዘለለች።

"እስቲ" አሉ አባቴ። መልሰው ወሰዱት። ዓይናቸውን አላመኑትም፤ አውራ ጣታቸውን ከክንፉ ሥር እስከ ጫፉ በጠርዙ ላይ ሳቡት፣ መለሱት፣ እንደገና ሳቡት። "አይበቃም። ጫፉ ላይ ትንሽ ቀርቷል።"

"አብዬ፣ በቂ ነው ብለዋል እኮ።"

"እኔ ይዤው ጠማማ ሥራ ከዚህ ቤት አይወጣም። ድገሚው!"

ደገምነው። ከዚያ ቀኙንም አምጪው አሉኝ፣ እሱንም አቃናነው። ሲያልቅ ጋቢያቸውን ደርበው ወደ ሽመላቸው ተመለሱ፤ ስለ ነገው ምንም አላሉም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ከከተማው በላይ ባለው ሜዳ ላይ ተሰበሰበ። ነጭ የለበሰ ሕዝብ፣ ካህናቱ፣ ወላጆች፣ ቆሎ የሚቆረጥሙ ልጆች። ሰማዩ በአቡነ ዮሴፍ በኩል ጠቁሯል፤ ወደ እኛ ግን ገና ፀሐይ ነበር። መምህር ሰይፉ "ያለበሰችው ትልቀቀው" አለ። ሲባጎውን የሚስበው ጌታሁን ሆነ፤ ሩጫው ከአፉም ይበልጥ ነበር። አውሮፕላኑን ከራሴ በላይ አንስቼ ቆምኩ። ነፋሱ ሲያገኘው መዳፌ ውስጥ ቀለለብኝ፣ መሄድ መሄድ አለው።

"ልቀቂ!"

ለቀቅሁት። ቀጥ ብሎ ወጣ። ወደ ግራም ወደ ቀኝም አላለም፤ እንደ ተወረወረ ሳይሆን እንደ ተጠራ ነው የወጣው። አናታችን ላይ ሲደርስ ሲባጎው ወለቀና ብቻውን ቀረ። ፀሐይዋ በቀዩ ልብሱ ውስጥ አልፋ አጥንቶቹን አንድ በአንድ አሳየችን። ከዚያ ሰፊ ዙር ዞረ፣ አሁንም ዞረ፣ በካህናቱ ላይ አለፈ፣ የልጆቹ ጫጫታ ተከተለው። እናቶች እልልታውን አቀለጡት። አንድ ሽማግሌ "በስመ አብ!" ሲሉ ይሰማኛል። እኔ ቆሜ አለቅሳለሁ። በደስታ፣ በኩራት፣ ምን ልበላችሁ፣ ደረቴ ሊፈነዳ ደርሶ ነበር! እጄ ሰማይ ላይ ነበር እኮ።

አውሮፕላኑ ወዲያ ማዶ የታረሰ ማሳ ላይ ቀስ ብሎ አረፈ። ሰው ሁሉ ወደዚያ ሲሮጥ እኔ አባቴን ፈለግሁ። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው በትራቸውን ተደግፈው፣ አውሮፕላኑ የጠፋበትን አቅጣጫ ያዩ ነበር። ሄጄ አጠገባቸው ቆምኩ። ጉልበታቸውን መሳም ፈለግሁ፣ አፈርኩ።

"ቀጥ ብሎ ሄደ አይደል?" አሉኝ።

"ቀጥ ብሎ አብዬ።"

በትራቸውን ይዘው ተነሱ። "ወልድያ ሙቀት ነው ይላሉ። ወፍራሙን ጋቢ ተይው፣ ለእናትሽ ይሁን።"

መስከረም ላይ በቃላቸው አደረሱኝ። ጋሸና ላይ መኪና እስክንቀይር ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ ገዝተውልኝ እያሻሹ ላጡልኝ፤ ራሳቸው ግን አልቀመሱም። ወልድያ ቤቱን አይተው፣ የበሩን መቀርቀሪያ ሞክረው፣ በማግስቱ ተመለሱ። ከዚያ በኋላም ሥራቸውን አልተዉም። እናቴ ክር እየሰካችላቸው፣ በእጃቸው እየዳበሱ፣ ከቀድሞው በዘገየ ሁኔታ ሰፉ፤ እኔም ክረምት በመጣሁ ቁጥር የተጠራቀመውን እወጥርላቸው ነበር። አንዳንዱ ደብር አልታገሥ ብሎ ሥራውን ወደ ሌላ ሰው ወሰደ። አንድም ቀን በአንቺ ምክንያት ነው አላሉኝም።

ወልድያ ጨርሼ የሒሳብ መምህርት ሆንኩ። ዕድሜዬን ሙሉ አስተማርኩ፤ ዛሬ ላሊበላ ውስጥ እንግዳ የሚያስጎበኙትም፣ ሆቴል የከፈቱትም፣ ከእኔ ሒሳብ ያልተማሩ ጥቂት ናቸው። አውሮፕላኑ ትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት ውስጥ ተሰቅሎ ቆይቶ አይጥ በላው አሉ። አላዘንኩም፤ በሮ የለ? አባቴ ካረፉ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ሰው ስለ እሳቸው ሲያነሳ ጥላዎቻቸውን ነው የሚያነሳው፤ እውነትም ዛሬም በጥምቀት የሚወጡ አሉ። እኔ ግን ልቤ ቀጥ ብሎ የሚኮራው ሰው በማያውቀው በዚያ ቅዳሜያቸው ነው።

ሁለት ልጆች ወልጄ ሁለቱንም ሸኝቻለሁ። አንዱ ጅማ ነው፣ አንዷ ጋምቤላ ደርሳለች። ሂዱ ያልኩት ራሴ ነኝ፤ ሲሄዱ ሳቅሁ፣ መረቅሁ፣ ስንቃቸውን አሰርኩ። ሁለቱንም ጊዜ ግን የሻንጣቸውን መዝጊያ መዝጋት አቅቶኝ ሰው ዘግቶልኛል፤ እጄ እንዲህ ይንቀጠቀጥ ነበር። የአባቴ እጅ ያን ቀን አልተንቀጠቀጠም። ካውያውን ይዤ ከአጠገባቸው ነበርኩ፤ አይቼዋለሁ።